ጠጠርና ጭምብል

«ጨዋታ ሁሉ ከሰይጣን ነው» የሚል ቃል ከአንዳንድ መምህራን አፍ በየጊዜው ይሰማል። ቃሉ አጭር ስለ ሆነ ለመናገር ይቀላል፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ የቃል ማጠር የእውነት ምስክር አይደለም። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ከጉባኤ እንደማይነሣ ሁሉ፣ ይህም ቃል ወርቁ እስኪገኝ ድረስ መመርመር ይገባዋል። ሳይመረመር የተነገረ እንደ ሆነ ሁለት ጉዳት ያመጣል። ክፋት የሌለበትን ነገር ከክፉው ጋር አንድ አድርጎ ስለሚኰንን ልጆች መምህሩን መስማት ይተዋሉ፤ በእውነት ሊነቀፍ የሚገባውም ነገር በነቀፋው ብዛት መካከል ተሸሽጎ ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጅጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በቀብሪ በያህም ሆነ በሐርተሼክ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የነጋዴው ልጅ፣ ዓርብ ማታ ሥራውን ከዘጋ በኋላ እስከ ሰኞ ጧት ድረስ ባለው ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋር ይሰበሰባል። ቀን በገበታ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ካርታ ይዘረጋል፣ በካርቶን ላይ በተሠመረ ሠሌዳ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፣ ቼዝ የሚያውቅም ቼዝ ያሰልፋል። ሲመሽ ደግሞ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ መስኮት ፊት ሆኖ፣ የሚበርሩ፣ ግድግዳ የሚወጡ፣ መኪና በአንድ እጅ የሚያነሡ ሰዎችን ታሪክ ያያል። (የጫቱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ስለ ሆነ እዚህ አይነሣም።)

እነዚህ ሁለት ቀናት ግን ባለቤት የሌላቸው ቀናት አይደሉም። የከተማ ሰው በእንግሊዝ ቋንቋ «ዊክኤንድ» የሚላቸው፣ አባቶች ቀዳሚት ሰንበትና ሰንበተ ክርስቲያን ብለው ያከበሯቸው ናቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ሁለቱ ሰንበታት ክብር ሲከራከሩ አገራቸውን ትተው ተሰደዱ፤ በአርመን አገርም በ14ኛው መቶ ዓመት ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከሹመት ርቀው ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ የሁለቱም ሰንበታት ክብር ጸና። ሌላው ዓለም ሁለት የዕረፍት ቀን ከፋብሪካ ሠራተኞች ክርክር ሲያገኝ፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ግን ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ከመነኮሳት ክርክር አገኘው። በስደት የተገዛ ቀን እንዴት ይዋላል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ገበታው ይነገር። በሐርተሼክ ከሰዓት በኋላ በግድግዳ ጥላ ሥር ያለፈ ሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ መሬት አጎንብሰው፣ አምስት ስድስት ሰዎችም ከበዋቸው ቢያገኝ አይደነቅ። ይህ የሶማሌዎች የሻሕ ጨዋታ ነው። ሠሌዳው አይገዛም፤ በአፈር ላይ ሦስት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይሠመራሉ፤ የጎኖቻቸውም መካከል በመሥመር ይያያዛል፤ በዚህም 24 መገናኛዎች ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 መጫወቻ አለው፤ አንዱ ጠጠር ቢይዝ ሌላው የእንጨት ስባሪ ይይዛል። መጫወቻው ሁሉ በየተራ ተተክሎ እስኪያልቅ ድረስ ማንም የማንንም አይበላም። ሠሌዳው ሲሞላ መንቀሳቀሻ ስፍራ ስለማይኖር፣ አስቀድሞ ሦስት ጠጠር በአንድ መሥመር ያሰለፈው ከባለጋራው አንዱን አንሥቶ በር ይከፍታል፤ ጦርነቱም ከዚያ ይጀምራል። የሦስቱ ሰልፍ ጃሬ ይባላል። ስለዚህ በሻሕ የሚያሸንፈው የመብላት ጊዜ ሳይደርስ፣ ገና በተከላው ጊዜ የሚያስበው ነው። ዝናብ ሳይመጣ የውሃ ጕድጓዱን የሚጠርግ አርብቶ አደር ሕዝብ እንዲህ ያለ ጨዋታ መውደዱ የሚያስገርም አይደለም።

ከበው የቆሙትም ዝም አይሉም፤ ይመክራሉ፣ ይነቅፋሉ፣ የአንዱን ስሕተት ለሌላው ያሳብቃሉ። ከደጋ የመጣው ክርስቲያን ይህን ሲያይ የገዛ አገሩን ሰንጠረዥ ማስታወስ ይገባው ነበር። በሰንጠረዥም እንዲሁ ተመልካቹ ዳኛም አማካሪም ነበረ። ከአውሮፓ ቼዝ የሚለይበትም ጠባይ ነበረው፤ ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ በፈቃዱ ሠራዊቱን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ተራ መጠባበቅ የሚጀምረው የመጀመሪያው ሲበላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ዛሬ ግን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው እንኳን በጅጅጋ፣ በጎንደርም በብርቱ ፍለጋ ካልሆነ አይገኝም። ሶማሌው ሻሑን በአፈር ላይ ጠብቆ ሲያቆይ፣ ደገኛው በቀይ ግምጃ ላይ ይጫወተው የነበረውን አጣው፤ ሲጠፋም አንድ መምህር እንኳ አላዘነለትም።

ጨዋታን ሁሉ የሚኰንኑ ሰዎች የሐዋርያትን ቀኖና ይጠቅሳሉ። ቀኖናው በእውነት አለ፤ ለቁማርና ለስካር ራሱን የሰጠ ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ይሻር ዘንድ ያዝዛል። ነገር ግን ቀኖናውን አንቀጹን ሳይጎርዱ ማንበብ ይገባል። ቁማር ከስካር ጋር ተጣምሮ ተጻፈ እንጂ ከዕረፍት ጋር አልተጻፈም፤ የተከለከለውም ራስን መስጠት ነው። ነቢዩ ዘካርያስ ኢየሩሳሌም በታደሰች ጊዜ የሚታየውን በረከት ሲዘረዝር፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይ መቀመጣቸውንና ልጆች በጎዳናዋ መጫወታቸውን አንድ ላይ ይቈጥራል። ጨዋታ ሁሉ ከሰይጣን ቢሆን ነቢዩ ከበረከት ጋር ባልቈጠረው ነበር።

የቅኔ ጉባኤስ ራሱ ምንድን ነው? ጉባኤ ቃናው በ2፣ መወድሱ በ8 ቤት ተወስኖ፣ ሕግ ጠብቆ፣ ልብን አሹሎ፣ ባልንጀራን ለማስደነቅ የሚደረግ አይደለምን? ቤት ያልመታለት ተማሪ እንደ ተሸነፈ ጀግና አንገቱን ይደፋል፤ የቀናው ደግሞ ደበሎውን አጣፍቶ እንደ ድል አድራጊ ይሄዳል። ከዚህ ጉባኤ የወጣ ሰው የልጆችን ቼዝ ሲያይ ሊቈጣ አይገባውም፤ ዘመዱን ማወቅ ይገባዋል እንጂ።

የሚያስቈጣው ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተስፋፉት የስፖርት ውርርድ ቤቶች የቀኖናው ቃል የሚደርስባቸው ናቸው። በዚያ ወጣቱ ከባልንጀራው ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ዘጠና ደቂቃ የሚሮጡ፣ ስሙን የማያውቁ ሰዎችን ተስፋ አድርጎ ወረቀት ይይዛል። ሲሸነፍ የሚያጽናናው፣ ሲያሸንፍም የሚስቅበት ባልንጀራ የለውም። መምህሩ ግን ስለዚህ ቤት አይናገርም፤ ስለ ካርታ ይናገራል፤ ካርታ የሚጫወቱት በጓሮው ናቸውና ለመገሠጽ ይቀርባሉ።

እንግዲህ ወደ ማታው እንሻገር ቢባል፣ እዚያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። ያን ስም ያወጣው ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ ራሱ በበሩ ተሰልፎ ቲኬት ገዛ። ትርኢት ሁሉ ክፉ ነው የሚለው ፍርድም እንደዚያ ስም ዕድሜ የለውም። ይህን የጅጅጋ ሰው ከሌላው ይልቅ ማወቅ ይገባዋል፤ ከተማዪቱን በአገረ ገዥነት ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአውሬዎች ምሳሌ የመኳንንቱን ስንፍና የሚገሥጸውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር የደረሱ ሰው ናቸውና። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በቍስጥንጥንያ ሕዝቡን የገሠጸው ቤተ ክርስቲያንን ባዶ ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ቴያትር ስለ ሄዱ ነው፤ ፈረሱን አልረገመም።

ነቀፋው የሚገባው ለትርኢቱ አይደለም፤ በትርኢቱ ውስጥ ለሚሰበከው መድኅን ነው። ልዕለ ኃያል የሚባለው ፍጥረት እንዴት እንደ ተወለደ ማወቅ ይጠቅማል። በ1930 ዓ.ም. ከስደተኛ አይሁድ ቤተ ሰብ የተወለዱ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ሱፐርማን የተባለውን ሰው በሥዕል መጽሔት አወጡ፤ መብቱንም በ130 ዶላር ሸጡት። በሚቀጥለው ዓመት ባትማን ተከተለ። የሁለት ድሆች ልጆች ሕልም የነበረው ነገር ዛሬ ምን ያህል ንግድ እንደ ሆነ ለማየት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው «አቬንጀርስ፤ ኤንድጌም» የተባለው ፊልም ብቻውን ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱን ማስታወስ ይበቃል። የዚህ ፊልም ርዝመት 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። ቅዳሴ ረዘመብኝ ብሎ ከወንጌል በፊት ጫማውን የሚፈልግ ወጣት ይህን ሁሉ ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። (በእውነት ለመናገር፣ ፊልሙን በሶማልኛ ወይም በአማርኛ እየተረጐሙ የሚያሰሙት አሉ፤ ቅዳሴውን ግን ለዚህ ልጅ የተረጐመለት የለም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።)

ሱፐርማን በወረቀት ላይ ሲበርር በዚያው በ1930 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጠላት እጅ ነበረች፤ አርበኞቿም በዱር ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ጥይቱ አልተመለሰም፤ ሰንሰለቱም አልተበጠሰም። ጳጳሱ መስቀላቸውን እንጂ ጭምብል አላጠለቁም፤ ማንነታቸውም ተሰውሮ ሳይሆን በአደባባይ ተገልጦ ሞቱ። የኢትዮጵያ ልጅ ይህን እያለው፣ ፊቱን የሚሸፍን ጀግና ለምን ያስፈልገዋል?

እዚህ ላይ አንድ የተማረ ወጣት የሚያነሣው ክርክር አለ፤ ክርክሩም በዝምታ ሊታለፍ የማይገባ ነው። «የእናንተስ ገድላት? አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 60 አንበሳና 60 ነብር አስከትለው ይሄዳሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አላቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ይገድላል። ከእኛ ፊልም በምን ይለያል?» ይላል። ብዙ ካህናት ይህን ሲሰሙ ይቈጣሉ። ቍጣ ግን መልስ አይደለም፤ ጥያቄውም መልስ የሌለው አይደለም።

ልዩነቱ ኃይሉ ከየት እንደ መጣ ነው። ስፓይደርማን የተባለው ወጣት ሸረሪት ስለ ነከሰው ግድግዳ ይወጣል፤ ባትማን ከአባቱ ብዙ ሀብት ስለ ወረሰ በሌሊት ይዋጋል፤ አይረንማን የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሱፐርማን ከሌላ ዓለም ስለ መጣ ይበርራል። እንግዲህ ኃይል የሚገኘው በአጋጣሚ፣ በርስት ወይም በትውልድ ነው ማለት ነው። ለሐርተሼክ ነጋዴ ልጅ ከሦስቱ አንዱ እንኳ የለውም፤ ስለዚህ ፊልሙ ለእሱ የሚተውለት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚቃጠለው ከተማ ውስጥ ወደ ላይ እያየ የሚጮኸው ሕዝብ መሆን ነው። በገድሉ ግን ክንፉ የመጣው እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ቆሞ መጸለይ ይቀድማል፤ ክንፍ ይከተላል። ገድሉን የሚሰማው ሰው ክንፉን ባያገኝ እንኳ መቆሙን ሊጀምር ይችላል፤ ዛሬ ማታ፣ በገዛ ቤቱ፣ ያለ ሸረሪትና ያለ ርስት። ገድሉን እየተኙ የሚሰሙ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ በዓመታዊ ክብረ በዓል ምንጣፍ ላይ የሚያንጎላጁትን ያየ አይክደውም። እነዚያ ሰዎች ገድሉን ፊልም አድርገውታል።

በፊልሞቹ ውስጥ ፈጽሞ በጎ ነገር የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የሸረሪቱ ወጣት በቸልተኝነቱ አጎቱ ስለ ሞተበት የሚጸጸት ነው፤ ይህ ጸጸት የሚናቅ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» ሲወጣ፣ ማንም ያልገዛት አፍሪካዊት አገር ዋካንዳ ብዙ ወጣቶችን አስደሰተች፤ ምንም እንኳ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር ለማየት ልብ ወለድ መፍጠር ለኢትዮጵያዊ ባያስፈልገው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ደግሞ በስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳተመ። የአገር ልጅ በአገር ቋንቋ መጻፉ ደግ ነው። ነገር ግን የልብሱ ጥለት የሐበሻ ቢሆንም፣ ኃይል ከተራው ሰው ውጭ የሚመጣ መሆኑን እስካስተማረ ድረስ ያው ሰም ነው፤ ወርቁ አልተለወጠም።

ስለ ኃይል እውነተኛ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ሐርተሼክ ራሷ መጽሐፍ ናት። በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳ ከተማ በተደበደበች ጊዜ ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ወደዚህ ሜዳ ፈሰሰ። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ወንዝና ምንጭ በሌለበት ስፍራ ሰፈረ፤ የስደተኞቹ ሰፈር በዚያ ጊዜ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆነ። በሰማይ የሚበርረው አውሮፕላን ብቻ ነበር፤ እሱም የመጣው ለማዳን አልነበረም። ያን ሕዝብ ያዳነው ምንድን ነው? ከጀረር ሸለቆ ውሃ ጭነው፣ አቧራውን ሰንጥቀው፣ ቀን በቀን የተመላለሱ የቦቴ ሾፌሮች ናቸው። ወረፋ የጠበቁ፣ ጄሪካን የተሸከሙ እናቶች ናቸው። ለከብቱ ያጠራቀመውን የበርካ ውሃ ያካፈለ የአገሩ ሰው ነው። ሰፈሩ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ይህ ሥራ ከዓመት ዓመት ተሠራ። ስለ እነዚያ ሾፌሮች የተሠራ ፊልም የለም፤ ስማቸውንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሐርተሼክ ከዚያ ወዲህ በገበያዋ ታወቀች፤ ልብሱና የኤሌክትሪክ ዕቃው ከባሕር በኩል እየተሻገረ በእርሷ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። የእውነተኛ ጀግና ታሪክ የነበራት ከተማ የሐሰተኛ ጀግና ማሳያ መስኮት ቸረቸረች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከዳር ከዳሩ መናገር ነው። የነገሩ እምብርት ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ቀኑ ቀዳሚት ሰንበት ነበረ። ከተማ ሲቃጠል በማየት የሚደሰት የፊልም ተመልካች፣ የገዛ ከተማው ሲቃጠል ከሰማይ የወረደ ባለ ጭምብል አላየም። በዚያ ቀን ሰውን ያዳነው የተከፈተ በር ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ ሶማሌዎች ነበሩ። በር ደግሞ ዝም ብሎ አይከፈትም። በር የሚከፈተው ለሚታወቅ ፊት ነው። ፊትስ በምን ይታወቃል? በገበያ፣ በሥራ ቤት፣ በለቅሶ፣ ደግሞም በገበታ ዳር። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርኪውን የበላብህን፣ በላህ ብለህ የተከራከርኸውን፣ ተሸንፈህ ሻይ የገዛህለትን ሰው፣ በክፉ ቀን «አላውቀውም» ማለት ከባድ ነው። የማይቻል አይደለም፤ ክፋት ይህንንም ሲሰብር ታይቷል። ከባድ መሆኑ ግን አንድ ነፍስ ለማትረፍ የበቃ ሰዓት ይሰጣል።

እንግዲህ «ጨዋታ ሁሉ ከሰይጣን ነው» የሚለው መምህር ምን እያፈረሰ እንደ ሆነ ያስብ። በጅጅጋና በሐርተሼክ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው አይጸልዩም፤ አብረውም አይጾሙም፤ የሚበሉትም ሥጋ የተለያየ ነው። አብረው ሊቀመጡባቸው የሚችሉት ስፍራዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱን፣ ዳማና ሻሕ የሚጫወቱበትን ጥላ፣ በግሣጼ የሚበትን ሰው ልጆቹን ወደ ጸሎት አይሰድዳቸውም፤ እያንዳንዱን ወደየክፍሉ፣ ወደየስልኩ፣ ወደ ባለ ጭምብሉ ይሰድደዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጎረቤት የለም። ክፉና ደግ በልብሳቸው ቀለም የሚለዩበት፣ ክፉው ሁሉ ሊደበደብ የተፈጠረበት ዓለም አለ፤ ይህን ዓለም ለሁለት ሰንበት ሙሉ የተማረ ወጣት ሰኞ ጧት ወደ ጎዳና ሲወጣ፣ በልብሱ የሚለየውን ጎረቤቱን በምን ዓይን እንደሚያይ ማንም ሊገምት ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም እጃቸው ንጹሕ አይደለም። የቀዳሚት ከሰዓት በኋላ ለወጣቱ ምን ተዘጋጀለት? ኪዳን በጧት ነው፤ ቅዳሴ በእሑድ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱም ጊዜው የተወሰነ ነው። ከዚያ በኋላ የቅጥሩ በር ይዘጋል፤ ቍልፉም ከዘበኛው ጋር ይሄዳል። ሰይጣን ያን ጊዜ ወሰደው ብሎ ማልቀስ፣ ባዶ ቤት በሩን ከፍቶ ትቶ ሌባን እንደ መርገም ነው። ለሁለቱ ሰንበታት ክብር ስደት የቆጠሩ አባቶች ልጆች፣ ከሁለቱ አንዱን ከቀትር በኋላ እንደ ትርፍ ጨርቅ ጥለውታል።

የሚደረገው ነገር ታላቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየደብሩ ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሦስት ገበታ ቢዘረጋ፣ ቀይ ጨርቅ ተገዝቶ በጥቁር ክር ቢሠመር፣ እንጨት ጠራቢም 32 መጫወቻ ቢያወጣለት፣ ሰንጠረዥ ከሞት ሊነሣ ይችላል። ሕጉን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እስካሉ ድረስ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አዛውንቱ ካረፉ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም። እስከዚያው ቆርኪ ይበቃል። ገንዘብ አይያዝበትም፤ ያስያዘ ሰው ከገበታው ይነሣል። ማታ ፊልም ሊያይ የሚወድ ይይ፤ ነገር ግን አንድ መምህር አብሮ ተቀምጦ፣ ሲያልቅ «ኃይሉን ከየት አገኘው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከሦስት ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

አንዳንድ ካህናት «እስላም ጎረቤት ወደ ቅጥር ግቢ ሊገባ አይወድም፤ ቢገባም ምእመናን ያጕረመርማሉ» ይሉ ይሆናል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱንም ማስጨነቅ አይገባም። ስለዚህ ሰንጠረዡ በአዳራሹ ውስጥ ይሁን፤ ለሻሑ ግን ከበሩ ውጭ ባለው ጥላ ሥር ስፍራ ይጠረግ፤ ከጎረቤት ሽማግሌዎችም አንዱ መጥቶ ልጆቹን ያስተምር። ሠሌዳው በአፈር ላይ ስለሚሠመር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጠጠሩም በሐርተሼክ ሞልቷል።